ሰፈሩ ቢጫ እስኪሆን

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን የቤት መሸጫው ካርታ ይነቃል። ከዚያ በፊት፣ ቤት የሚሸጥበት መንገድ ላይ የሚኖር የደሴ ሰው ሁሉ ደጁን ጠርጎ፣ ልብሱን ከገመድ አውርዶ፣ ከሚስቱ ጋር የጀመረውንም ጭቅጭቅ ጨርሶ መገኘት አለበት። ማንም አላዘዘም። ለመንገዱ ስለሚበጅ ነው።

እማማ ሶልያና የሚኖሩባት መንገድ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ቁልቁል ትወርዳለች። ጠባብ ናት፤ በአንድ ጎኗ የጎርፍ ቦይ ይሄዳል፤ ምሰሶዎቿ ላይ ትናንሽ መብራቶች አሉ። መብራቶቹ ሰማያዊ ከሆኑ አንድ ሰው፣ የት አገር ተቀምጦ እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ ቤት ሊገዛ መንገዷን እያየ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ልጆቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ጎበጥ ብለው የሚሄዱ ሽማግሌዎች ቀና ይላሉ። አንዳንዱማ ጨዋነቱ አላስችል ብሎት ምሰሶውን «ግቡ፣ ግቡ» ይለዋል።

እማማ ሶልያና ለመብራቱ ጊዜ አልነበራቸውም። በሰባ ስድስት ዓመታቸው ሥራ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስጋት። ጠዋት በርጩማቸውን ይዘው ወደ በሩ ይወጣሉ፤ መንገዱ ላይ ልጅ እስካለ ድረስ ከዚያ አይነሱም።

«ቀስ! ቀስ በይ አንቺ ልጅ! ያንን ከአፍህ አውጣ! ምንድን ነው የዋጥከው? ና እስቲ፣ አፍህን ክፈት! ከቦዩ ራቁ ብያለሁ፣ ራቁ!»

ዕቃ አንጠልጥላ የምትበር ማሽን በላያቸው ስታልፍ እንኳ «በዚህ አይደለም መንገድሽ፣ ልጅ አለ!» ብለው ነጠላቸውን ያራግቡባታል። ማሽኗም ትንሽ ታመነታና በሌላ በኩል ዞራ ትሄዳለች። የሰፈሩ እናቶች ይህን ባዩ ቁጥር በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ስቀው ሲያበቁ ግን ልጆቻቸውን መንገዱ ላይ ትተው ያለ ሐሳብ ወደ ሥራቸው ይገባሉ።

አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው የሺመቤት ናት። እንዲህ ያለው ስም አሁን ተመልሶ መጥቷል፤ ሶልያና ሲባል ግን ለሰው የሚታየው አሮጊት ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ያሳደጓትም በዚሁ በኪራይ ቤት ነው። የሺ የካርታ ደላላ ናት። ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋና መነጽሯን አድርጋ ቀኑን ሙሉ ገዢ ታዞራለች፤ በጎንደር፣ በጅማ፣ በጅግጅጋ፣ እግሯ ረግጧቸው በማያውቅ መንገዶች ላይ።

«እንግዲህ በስተቀኝዎ የጠዋት ፀሐይ የምትገባበት በረንዳ ነው… አዎ፣ ውሻው ይጮኻል፤ ግን በጊዜ ነው የሚተኛው…»

እማማ ሶልያና ከበሩ ማዶ ሆነው ይሰሟታል። «ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ለስልሳ አታውቅም» ይላሉ ለራሳቸው።

በሁለት ሺህ ሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ሰኔ ሲገባ የቤቱ ባለቤት ቤቱን ለሽያጭ አወጣው። ተከራይ ቅድሚያ አለው፤ ግን በፊርማው ሰዓት ካርታው በሚያሳየው ዋጋ ነው። ተከራይ ካልቻለ ቤቱ ለቻለ ይሰጣል፤ ተከራዩም ዕቃውን ይሸክፋል።

«እንግዛዋ!» አሉ እማማ ሶልያና። «ስታጠራቅሚ አይደል እንዴ የኖርሽው?»

«መንገዱ ቢጫ ቢሆን ኖሮ ባጠራቀምኩት እንገዛው ነበር።»

«አሁንስ ምንድን ነው?»

«አረንጓዴ ነው፣ እማማ። ያውም የለየለት አረንጓዴ።»

የሺ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ደሴ እንዳለች ተኝታ ታየች። ግራጫ ሰፈር አለ፤ ማንም ዞር ብሎ የማያየው። ቢጫ ሰፈር አለ፤ ሰው እያመነታ የሚገዛው። የእነሱ መንገድ ግን ዝናብ እንደጠገበ መስክ ለምልማለች፤ ዋጋዋም አብሮ ወጥቷል።

«ምን አግኝተው ነው ደግሞ?» አሉ እማማ ሶልያና። «ቦዩ ክዳን የለው፣ ዳገቱ ነፍስ የሚያወጣ።»

«ዳገቱን ማን ያያል? ገዢ የሚያየው ልጁ ወጥቶ በደህና መግባቱን ነው።» የሺ ጣቷን ጫን ስታደርግ ላይኛው ቀለም ተገፈፈና ከሥሩ ሌላ ምስል መጣ። አረንጓዴው አንድ ቦታ ላይ ጠቁሮ፣ ከዚያ እንደተደፋ ቀለም ቁልቁል ፈሷል። የጠቆረው ቦታ የእነሱ በር ነበር። በጎኑ «ንቁ ጎረቤት» የሚል ተጽፎበታል።

እማማ ሶልያና መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ማን ነው ይሄ?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ?»

«እዚህ መንገድ ላይ ልጅ ወድቆ ተጎዳ ተብሎ አያውቅም። ካርታው ይሄን ያውቃል። በርጩማሽን ሳይቀር ያውቃታል።» የሺ ልትስቅ ሞከረች። «እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ሰፈር ሳገኝ ለገዢ ደጋግሜ ነው የማሳየው። ‹ይህች እናት እያሉ ልጅዎ የትም አይሄድም› እላቸዋለሁ።»

እማማ ሶልያና ወደ ደጅ፣ ወደ በርጩማቸው አዩ። ያስወደዱት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። የሚቀመጡበትን ቤት፣ ተቀምጠው።

«ታዲያ ምን ሁኚ ነው የምትይኝ?»

የሺ ጠረጴዛውን ስታብስ ቆየች። የሚታበስ ነገር አልነበረውም። «ግቢ» አለች በመጨረሻ። «እስክንፈራረም ብቻ። ቤት ውስጥ ሁኚ። አትጣሪ፣ አትመልከቺ።»

«ልጅ ቢወድቅስ?»

«እናት አለው፣ እማማ።»

ቤቱን ካጡ የሚሄዱት ወደ ግራጫው ነው። የሺ ይህን በአፏ አላለችውም፤ ግን ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት ያሳደጋት ሰው አይቶ ያውቀዋል። እማማ ሶልያና ተነስተው በርጩማቸውን ከደጅ አምጥተው አልጋቸው ሥር ከተቱት።

ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡ ጀመር። ልጆቹ ሲስቁ ይሰጋሉ፤ ዝም ሲሉ ይበልጥ ይሰጋሉ። የሩጫ ኮቴ ሲያልፍ ጉልበታቸው ሳያስቡት ብድግ ይላል። ሬዲዮ ቢከፍቱ ድምፁ ውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን የሰሙ ይመስላቸውና ይዘጉታል። የሺ ከጓዳ በወጣች ቁጥር ካርታውን ታያለች፤ አረንጓዴው በእርግጥም ትንሽ ገርጣ ብሏል።

ግን ሳምንት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ።

ከፊት ለፊት ቤት ያለችው ኢክራም ነበረች። በፔርሙስ ትኩስ ወተት ይዛለች። ከኋላዋ አንዷ ሙዝ፣ አንዷ ብርቱካን፣ አንዷ ስኳር ያንጠለጠሉ ሴቶች ተሰልፈዋል።

«ምነው እማማ፣ ምን አገኘዎት?» አለች ኢክራም ጫማዋን እያወለቀች። «ከደጅ ሲጠፉ ጊዜ ልባችን ወደቀ እኮ!»

«ኧረ ምንም አልሆንኩም።»

«እንዲህ ነው መቼም የታመመ ሰው የሚለው። ጋደም ይበሉ፣ ጋደም።»

አጋደሟቸው። አንዷ እግራቸውን ታሽላቸው ጀመር። ሌላዋ ልክ እንዲህ ብሎ ጀምሯት ስለሞተች አክስቷ ነገረቻቸው። የኢክራም ባል ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ዱዓ አደረገላቸው። በማግስቱ የታችኞቹ መጡ፤ ደግሞ ከላይኛው መንገድ «እንኳን ሰማን» ያሉ፣ በመልክ ብቻ የሚያውቋቸው ሰዎች። መግቢያው ላይ የሚቀመጥበት ቢጠፋ ሰዉ ደጅ ላይ ቆመ። ምሰሶዎቹ ላይ ያሉት መብራቶች አንድ በአንድ ሰማያዊ ሆኑ።

ጠያቂዎቹ ሲሄዱ የሺ ካርታውን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ትሳቅ ወይም ታልቅስ አታውቅም።

«እማማ፣ ከድሮው ባሰ! እይው! ‹ታማሚ የሚጠየቅበት ሰፈር› ብሎ አዲስ ምልክት ጨምሮበታል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሙዙን ልመልስላቸው?»

«ጤነኛ እንደሆንሽ ንገሪያቸው።»

«ነገርኳቸው እኮ። እግሬን አሹኝ።»

ጥቂት ተሳሳቁ። ከዚያ የሺ ድንገት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ሌላ ቤት ፈልጌ ነበር» አለች። «በምችለው ዋጋ ያገኘሁት መንገድ ላይ ጎረቤት የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። በሮቹ ሁሉ በስተጓሮ ናቸው። አንቺን እዚያ ብቻሽን አስቀምጬ እንዴት ነው የምሠራው?»

በማግስቱ ኢክራም ሾርባ ይዛ ስትመጣ እማማ ሶልያና በሩን የከፈቱት ለአንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው።

«ከእንግዲህ አትምጪብኝ» አሉ።

«እማማ? እኔ ነኝ እኮ፣ ኢክራም።»

«አውቄሻለሁ። ሰው ሰልችቶኛል። ለሌሎቹም ንገሪያቸው። ልጅሽም በሬ ላይ አትጩህብኝ።»

የሾርባው እንፋሎት በሁለቱ መካከል ይወጣ ነበር። ኢክራም ሳህኑን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። «አጥፍተንም ከሆነ አፉ ይበሉን» አለች ቀስ ብላ፤ ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አድርጋ መንገዱን ተሻገረች። እማማ ሶልያና በሩን ዘግተው እጃቸውን መቀርቀሪያው ላይ እንዳደረጉ ብዙ ቆሙ። ያን ቀን እህል በአፋቸው አልዞረም።

ከዚያ በኋላ ማንም አላንኳኳም። ሴቶቹ «እርጅና ነው፣ ጠባያቸውን ለወጠው» ተባባሉ። ልጆቹ በዚያ በር ሲያልፉ ወደ ማዶ መሻገር ለመዱ። ካርታው ላይ አረንጓዴው ከዳር ከዳር እየሳሳ መጣ፤ ምልክቱም ጠፋ። ፊርማው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የሺ ከጓዳ ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ቢጫ ሆነ።»

«እሰይ!» አሉ እማማ ሶልያና። ፊቷን ሲያዩ ግን እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ምን ሆኖ ነው ቢጫ የሆነው?»

«አንድ ልጅ ዳገቱ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ።»

«የማን ልጅ?»

«የላይኞቹ።»

«ግራውን ነው ወይስ ቀኙን?»

«ካርታው ያን አይልም፣ እማማ።»

እማማ ሶልያና ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። የሺም ጎናቸው ተቀመጠች። ቤቱ የእነሱ ሊሆን ነው፤ አንዳቸውም ስለ ቤቱ አላነሱም።

የፊርማው ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ጦሳ በጉም ተሸፍኖ አይታይም፤ የሚታየው ከእሱ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ቡናማ፣ ቅጠልና ፌስታል እየገፋ፣ ቦዩን አፍ እስካፉ ሞልቶት። የሺ ጓዳውን ገርበብ አድርጋ መነጽሯን አጠለቀች። ባለቤቱ የት እንዳለ ባይታወቅም ድምፁ እቤት ውስጥ ያለ ያህል ይሰማል። ውሉን አንድ በአንድ ያነባል፤ የሺ «አዎ፣ ተስማምቻለሁ» እያለች ትከተላለች።

እማማ ሶልያና ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ልጆቹ በዝናብ መጫወት እንደሚወዱ ያውቃሉ። ትንሽ ቀደም ብሎ ሲስቁ ሰምተዋል። አሁን ግን ከጎርፉ በቀር ድምፅ የለም።

አንድ ጊዜ ብቻ ብለው ዞር አሉ።

የኢክራም የመጨረሻ ልጅ ዘምዘም ቦዩ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላለች። አንድ እግሯ ባዶ ነው። ጎርፉ የወሰደው ጫማዋ ትንሽ ወረድ ብሎ ድንጋይ ይዞት ይወዛወዛል፤ እሷም እጇን ዘርግታ ቀስ እያለች ወደ እሱ ትሳባለች። ሌላ ሰው መንገዱ ላይ የለም።

እማማ ሶልያና መስኮቱን መቱ። ልጅቷ አልሰማችም። ከጓዳ «አዎ፣ ተስማምቻለሁ» የሚለው ድምፅ መጣ። አንድ ጩኸት ምን እንደሚያስከፍላቸው ጠንቅቀው ያውቃሉ። በሩን ሲከፍቱት ግድግዳው ላይ ተላተመ።

«ዘምዘም! ቁሚ! እዚያው ቁሚ፣ የኔ ልጅ!»

ልጅቷ ከሰማችው የቆየውን ድምፅ ስትሰማ ደንግጣ ዞረች፤ ስትዞርም ባዶ እግሯን አዳለጣት። እስከ ወገቧ ገባች። እማማ ሶልያና እንዴት እንደደረሱ እሳቸውም አያውቁትም፤ ጭቃው ላይ በሆዳቸው ተዘርግተው የዝናብ ልብሷን ቆብ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተገኙ። ጎርፉ ይጎትታል፤ እሳቸውም አብረው ይንሸራተታሉ።

«ኡኡ! የሰው ያለህ! ድረሱ!»

በሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተበረገዱ። ቀድማ የደረሰችው ኢክራም ናት፤ ሊጥ የነካ እጇን ከነሊጡ ወደ ውሃው ሰደደች። ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው እማማ ሶልያናን ወገባቸውን አጥብቆ ይዟቸዋል። ልጅቷ ስትወጣ አልቅሳ የጠየቀችው ጫማዋን ነው።

ኢክራም ልጇን በአንድ ክንዷ አቅፋ በሌላው እማማ ሶልያናን ደገፈቻቸው። እማማ «አፉ በይኝ፣ ኢክራም፣ እኔ እኮ…» ሲሉ «ዝም ይበሉ እስቲ፣ ብርድ ይመታዎታል» ብላ ሻሿን ፈትታ ፊታቸውን ጠረገችላቸው። ሴቶቹ ከበቧቸው። ምሰሶዎቹ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ሆነው ይበሩ ነበር፤ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

ወገባቸውን የያዛቸውን ሰው ዞረው ሲያዩት የሺ ናት። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነው፤ ባዶ እግሯን ናት።

«ፈረምሽ?» አሏት።

የሺ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «ጣቴን ማውረድ ብቻ ነበር የቀረኝ። ከዚያ ካርታው ላይ በሆድሽ ተኝተሽ አየሁሽ።»

«ጨርሰሽው ብትመጪ ምን ነበረበት!»

«ውሃው ይዞሽ ሲሄድስ?»

ተመልሰው ሲገቡ ባለቤቱ ሄዷል። መንገዱ ካርታው ላይ ከመቼውም ይልቅ ለምልሟል፤ ዋጋው ከአቅማቸው በላይ ነው። ቤቱ ሳይመሽ ተሸጠ፤ ገዢዋ ጅማ ተቀምጣ ጎርፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየች ሴት ነበረች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጭነት መኪናው መጣ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ጫነላቸው። ኢክራም ፍራሹን ራሷ ተሸክማ ካወጣች በኋላ ፊቷን እንዳያዩባት ወደ ቤቷ ገባች። የሺ የመጨረሻውን ካርቶን እያሰረች «ግራጫው ሰፈር ስንደርስ እባክሽ አፍሽን ያዢ» አለች። «ቢጫ ሆኖ ሳይወደድብን እንድንገዛ።»

«ሞክሬው አልሆነልኝም እኮ።»

አንዲት ነጭ መኪና ከኋላቸው ቆመች። የወረደችው ማንጠግቦሽ የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ አዲሷ የቤቱ ባለቤት። ስንዱ የምትባል ትንሽ ልጇን በእጇ ይዛለች። እማማ ሶልያናን ስታይ ፊቷ በራ።

«እርስዎ ነዎት አይደል? እኛ እኮ እርስዎን አይተን ነው የገዛነው! ያን ቀን በጎርፉ… ባሌን ‹ይህን ቤት፣ አሁኑኑ› ነው ያልኩት።» ከዚያ ጭነቱን አየች። «ዕቃው… የማን ነው? ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«ወደ ሌላ ሰፈር።»

«ግን ካርታው እርስዎ እዚህ እንዳሉ ነው የሚለው።»

«እኔ ከቤቱ ጋር አልተሸጥኩም፣ ልጄ።»

የሺ ከመኪናው ላይ ሳቋን ማፈን አቃታት። ማንጠግቦሽ ግን አልሳቀችም። የልጇን እጅ አጥብቃ ያዘች፤ ዓይኗ ከቦዩ ወደ ዳገቱ፣ ከዳገቱ ወደ ቦዩ ይሮጣል። እማማ ሶልያና ያን ፊት አወቁት። በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ የሚያገኙት ፊት ነው።

«ነይ ወዲህ» አሉና ክንዷን ይዘው በሩ ላይ አቆሟት። «እዚህ ስትቀመጪ ከላይ እስከ ታች ይታይሻል። ያ ድንጋይ ሲረጥብ ያንሸራትታል። የዚያ ቤት ልጅ ዘምዘም ዕቃዋን ውሃ ከወሰደባት ትከተለዋለች፤ አትመኛት። የላይኞቹ ልጅ ክንዱ ገና አልጠናም፤ ሲሮጥ ዝም አትበይው። ከዚያ ትጣሪያለሽ፣ በቃ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እንዴት ይባላል? ያቻትና፣ ልጅሽን ጥሪያት።»

ስንዱ ከእናቷ እጅ ሾልካ፣ አዲስ መንገድ ያየ ልጅ እንደሚያደርገው ቀጥታ ወደ ቦዩ እየወረደች ነበር።

«ስንዱ» አለች ማንጠግቦሽ በጨዋ ድምፅ።

«ይሄ ለስልክ ነው። ከሆድሽ!»

«ስንዱዬ!»

ልጅቷ አልዞረችም። ከራሳቸው በላይ ያለው መብራት ሰማያዊ ሆነ። ማንጠግቦሽ ቀና ብላ አየችውና ፀጉሯን አስተካከለች።

«እሱን ተይው!» አሉ እማማ ሶልያና። «ልጅሽን እያት!»

ማንጠግቦሽ አየር ሳበች። «ስንዱ! ቁሚ! ከዚያ ራቂ፣ አሁኑኑ!»

ልጅቷ ቀጥ አለች። አንድ ውሻ ጮኸ። በየቤቱ መስኮት ተከፈተ፤ ኢክራምም ዓይኗ እንደቀላ ከበሯ ብቅ አለች።

«ምንድን ነው? ማን ወደቀ?»

«ማንም» አለች ማንጠግቦሽ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ማንም አልወደቀም።»